የሰው ቤት ወጥ ሠሪዋ ኤዢኒ ብራዚዬ

በዕረፍት ቀን ስንገናኝ ወሬያችን ዞሮ ዞሮ አገራችን ስንገባ ምን እንሠራለን ወደሚለው ይመጣል። አንዷ ሱቅ ትላለች፣ አንዷ ፀጉር ቤት ትላለች። ምግብ ቤት የምትለዋ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የምትናገረው። ሼፍ ሲባል ነጭ ረጅም ኮፍያ ያደረገ፣ በትልቅ የሆቴል ትምህርት ቤት የተማረ ወንድ ነዋ የሚታየን። በሰው ቤት ዓመት ሙሉ ስትቀቅል ስትጠብስ የኖረች ሴት ሠራተኛ ትባላለች እንጂ ባለሙያ የሚላት የለም። እኔ ይሄ ነገር ሲያበሳጨኝ ስለኖረ ስለ ሼፎች ሕይወት የተጻፈ ባገኘሁ ቁጥር አነባለሁ፣ እንደዚሁ ሳነብ ነው ኤዢኒ ብራዚዬ የምትባል ፈረንሳያዊት ያገኘሁት። ከሞተች ወደ ሃምሳ ዓመት ሊሆናት ነው። ሥራዋን የጀመረችው እንደ እኛ በሰው ቤት ነው። የደረሰችበት ግን ሌላ ነው፣ ቀስ ብዬ ልንገራችሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ኤዢኒ የተወለደችው ጁን 12 ቀን 1895 ነው፣ ቡር ኦን ብሬስ ከሚባለው ከተማ አጠገብ ላ ትራንክሊዬር በምትባል የገጠር መንደር። እኛ ቅቤ ሲባል ሸኖ እንደምንለው ፈረንሳዮችም ዶሮ ሲባል ብሬስ ይላሉ። ወላጆቿ ገበሬዎች ነበሩ። አምስት ዓመት ሲሆናት አሳማ እንድትጠብቅ ተደረገች፣ ትምህርት ቤት የምትሄደው የእርሻ ሥራ በሌለበት በክረምት ብቻ ነበር። አሥር ዓመት ሲሆናት እናቷ ሞተችባት። ከዚያ በኋላ ሰው እርሻ ላይ ለሥራ ተሰጠች። የልጅነቷ ታሪክ ይኸው ነው፣ ከእኛ መካከል ብዙዎች ከብት ጠብቀው እንጨት ለቅመው ስላደጉ ብዙ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

አንድ ነገር ልበልና ልቀጥል። አሁን ብትኖር ከመቶ ዓመት በላይ ይሆናት ነበር፣ አንቱ ልላት ይገባኛል። ግን እኔ የማስባት በእኛ ዕድሜ ሳለች ሽርጥ አስራ ድስት ስታጥብ ስለሆነ እሷ እያልኩ ነው የምጽፈው፣ ይቅር በሉኝ።

በ1914፣ 19 ዓመቷ ላይ፣ ሳታገባ ወንድ ልጅ ወለደች። ስሙን ጋስቶን አለችው። በዚያ ዘመን በፈረንሳይ ገጠርም ነገሩ ያው እንደ እኛ አገር ነው፣ ነውር ነበር፤ አባቷ ከቤት አስወጣት። ያው ዓመት ደግሞ የአንደኛው የዓለም ጦርነት የተነሳበት ነው። ልጅ ታቅፎ የሰው ቤት ሥራ የሚቀጥር ስለሌለ ልጁን ገንዘብ እየተከፈላት ለምታሳድግ ሴት ሰጥታ ሊዮን ወደሚባለው ትልቅ ከተማ ሄደች። እዚህ ላይ ቆም ብዬ ነበር ሳነብ። ስለ እሷ የተጻፈውን ስታዩ ይሄ ነገር በአንድ መስመር ይታለፋል፣ ከዚያ ወደ ኮከቡና ወደ ዝናው ይሮጣሉ። ልጇን እናቷ ጋ ወይም እህቷ ጋ ትታ የመጣች ግን ያቺን አንድ መስመር ቶሎ አታልፋትም። ደመወዝ ሲመጣ መጀመሪያ የሚነሳለት የማን እንደሆነ፣ በስልክ ሲያናግሯት እማዬ የምትባለው ሌላ ሴት ስትሆን እንዴት እንደሚያደርግ እናውቀዋለን። ኤዢኒ ደግሞ ስልክም አልነበራትም።

ሊዮን ላይ የቀጠሯት ሚሊያ የሚባሉ የፓስታ አምራች ሀብታሞች ናቸው። መጀመሪያ የገባችው ለቤት ሥራ ነው፣ ለወጥ አይደለም። ቤተሰቡ ግን ክረምቱን ለማሳለፍ በደቡብ ባሕር ዳር ወደሚገኘው ወደ ካን ከተማ ይወርድ ነበር፣ እሷም አብራ ትሄዳለች፣ እዚያም ማብሰሉ በእሷ ላይ ወደቀ። የምግብ ትምህርት ቤት አልገባችም፣ መጽሐፍም አልነበራትም። ያላወቀችውን የሚያውቀውን ሰው እየጠየቀች፣ አንዴ ሠርታ ካልሆነ ደግማ እየሠራች ነው የተማረችው። እኛ ማዳም አንዴ ብቻ አሳይታን ሄዳ ማታ እንግዳ ሲመጣ ምግቡ ተስተካክሎ እንዲጠብቃት እንደምትፈልገው ማለት ነው። ልብ በሉ፣ ያ ኩሽና ጥሩ ዕቃና ጥሩ ሥጋ፣ ጥሩ ቅቤና ጥሩ አሳ በየቀኑ የሚገባበት ነው። አንዲት የገጠር ልጅ በራሷ ገንዘብ ገዝታ ልትሞክረው የማትችለውን ሁሉ በአሠሪ ገንዘብ ሞከረችው። ደመወዙ ያልቃል፣ ያ ግን እጇ ላይ ቀረ።

ስለ ሊዮን ከተማ ትንሽ ካልነገርኳችሁ የቀጣዩ ነገር አይገባም። በሊዮን ከጥንት ጀምሮ ሜር የሚባሉ ሴቶች ነበሩ፣ እናት ማለት ነው። አብዛኞቹ በሀብታም ቤት ወጥ ሠሪ የነበሩ ናቸው። ከአሠሪዎቻቸው ቤት ሲወጡ፣ ወይም ሀብታሞቹ ኑሮ ከብዷቸው ሠራተኛ ሲቀንሱ፣ ያላቸው ሙያ ማብሰል ብቻ ስለሆነ ትንሽ ቤት ተከራይተው ለሕዝብ መሸጥ ጀመሩ። የሚሠሩት ምግብ ዓይነቱ ጥቂት ነው፣ ግን እነዚያን ጥቂቶች ከእነሱ በላይ የሚሠራቸው የለም። ሊዮን በምግብ ስሟ በዓለም የተጠራው በብዙው በእነዚህ ሴቶች እጅ ነው። ይሄን ሳውቅ በጣም ነው የገረመኝ። እኛ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ነገር ይመስለን ነበር፣ ለካስ ከጓዳ ወደ አደባባይ ነው የወጣው።

ከእነሱ ሁሉ በዚያን ጊዜ የታወቀችው ሜር ፊሊዩ ነበረች። እሷም ራሷ ከገጠር መጥታ በሰው ቤት ወጥ ስትሠራ የኖረች ናት። ኤዢኒ ከሚሊያዎች ቤት ወጥታ እሷ ጋ ገባች። የሜር ፊሊዩ ትልቁ ምግብ ግማሽ ሐዘን የሚባል ዶሮ ነው። ስሙ ያስቃል፣ ምክንያቱ ግን እንዲህ ነው። በአውሮፓ ባሏ የሞተባት ሴት መጀመሪያ ጥቁር ብቻ ትለብሳለች፣ ጊዜው ሲገፋ ጥቁሩን ከነጭ ጋር ትቀላቅላለች፣ እንደ እኛ ከል ቀስ በቀስ መፍታት በሉት። ዶሮዋም እንደዚያው ነው፣ ትራፍል የሚባል ከመሬት ሥር የሚገኝ ውድ ጥቁር እንጉዳይ በስሱ ተቆርጦ በቆዳዋና በሥጋዋ መሃል ይገባል፣ ስትበስል ጥቁሩ በነጩ ቆዳ ሥር ይታያል። እንደ እኛ ዶሮ አሥራ ሁለት ቦታ አትበለትም፣ ሙሉዋን በስስ ጨርቅ ተጠቅልላ ባሮ ሽንኩርትና ካሮት በገባበት መረቅ ውስጥ በቀስታ ትቀቀላለች። የምትቀርበው በአትክልቱ፣ በሰናፍጭና በድፍን ጨው ነው። በርበሬ የለውም፣ ቁሌት የለውም። ስለዚህ ዶሮዋ መጥፎ ከሆነች መደበቂያ የለም ማለት ነው። ከዚህ ሌላ ከተወቀጠ የአሳ ሥጋ የሚሠራ ምግብ ነበር፣ እንዲሁም የአርቲቾክ ልብ (እኛ እዚህ አርዲሾኪ የምንለው) ከዝይ ወይም ከዳክዬ ጉበት ጋር። ኤዢኒ እነዚህን አይታ፣ አብራ ሠርታ ያዘች፣ በኋላም የራሷ ቤት ዋና ምግቦች እነዚሁ ሆኑ። ከዚያ ወጥታ ደግሞ ሌላ ብራስሪ ውስጥ ሠራች።

እዚህ ላይ በእሷና በእኛ መካከል ያለውን ልዩነት ሳልናገር ባልፍ ውሸት ይሆንብኛል። ኤዢኒ የሠራችው በአገሯ ነው፣ በቋንቋዋ ነው። ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ስትሄድ ፓስፖርቷን የያዘባት የለም፣ መኖሪያ ፈቃድሽ በእኔ ስም ነው ያላትም የለም። ድሃ ነበረች፣ ግን ስትፈልግ በሩን ከፍታ መውጣት ትችል ነበር። እሷ ከቻለች እኛም እንችላለን ብሎ ዝም ብሎ መናገር ቀላል ነው፣ እኔ እንደዚያ አልልም።

በ1921፣ 26 ዓመት ሊሞላት ሲል፣ በሊዮን ሩ ሯያል በሚባለው መንገድ ቁጥር 12 ላይ የሚገኝ የሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ በ12,000 ፍራንክ ገዛች። ሱቁን ወደ ምግብ ቤት ለወጠችው። 15 ሰው ብቻ ነው የሚያስቀምጠው። የመጀመሪያው ቀን ምሳ ላንጉስት የሚባለው የባሕር እንስሳ በማዮኔዝ፣ ከዚያ እርግብ ከአተር ጋር ነበር። አዲስ ምግብ ልፍጠር፣ ሰው ላስደንቅ አላለችም፣ የምታውቀውን ነው የሠራችው። ሰው አንዴ በልቶ ተመለሰ፣ የተመለሰው ሌላ ሰው ይዞ መጣ። ከተመላላሾቹ አንዱ የሊዮን ከንቲባ ኤዷር ኤሪዮ ነው፣ የፈረንሳይ ጠቅላይ ሚኒስትርም የነበረ ሰው። አሳማ ጠባቂዋ ልጅ ለጠቅላይ ሚኒስትር ዶሮ ቆረሰች ማለት ነው።

ሥራው ግን አደከማት። በ1920ዎቹ መጨረሻ ገደማ ከከተማው ወጣ ብሎ ኮል ደ ላ ሉዌር በሚባል ተራራ ላይ ያለ የእንጨት ቤት ለዕረፍት ያዘች። ጋዝም ኤሌክትሪክም የለውም። ደንበኞቿ ግን አላስቀመጧትም፣ ተራራውን እየወጡ መጡ። ስለዚህ ያ የዕረፍት ቤት ሁለተኛ ምግብ ቤት ሆነ። ሰው ሊያርፍ ሄዶ ሌላ ሥራ ከፍቶ ይመጣል? የእኛ አገር እናቶችም እንደዚሁ ናቸው፣ ዘመድ ጠይቃ ልትመጣ ሄዳ ድግስ ስትሠራ ትሰነብታለች።

አሁን ወደ ኮከቡ እንምጣ። ሚሽላን የሚባለው የመኪና ጎማ ፋብሪካ ከ1900 ጀምሮ ለባለ መኪኖች የጉዞ መጽሐፍ ያሳትማል። ሐሳቡ ሰው ብዙ ቢጓዝ ጎማ ይበላል፣ ጎማ ቢያልቅ ይገዛል ነው። በ1920ዎቹ ለምግብ ቤቶች ኮከብ መስጠት ጀመረ። ማንነታቸውን የማይናገሩ ሰዎች ይልካል፣ እንደ ማንኛውም ደንበኛ በልተው ከፍለው ይሄዳሉ። አንድ ኮከብ ጥሩ ቤት ማለት ነው፣ ሁለት ኮከብ ከመንገድ ዞር ተብሎ ሊገባበት የሚገባ፣ ሦስት ኮከብ ደግሞ ለእሱ ሲባል ብቻ ጉዞ የሚወጣለት ቤት ነው። ከሦስት በላይ የለም። በ1933 ለኤዢኒ የከተማው ቤት ሦስት፣ ለተራራው ቤት ሦስት ተሰጣት፣ በአንድ ጊዜ ስድስት ኮከብ። ከእሷ በፊት ወንድም ሆነ ሴት ይሄን ያገኘ የለም። ከእሷ በኋላም አለን ዱካስ የሚባለው ሼፍ በ1998 ስድስት ኮከብ እስኪይዝ ድረስ 65 ዓመት ሙሉ ማንም አልደረሰባትም። በትምህርት ቤት በሚሰጥ ወረቀት ቢሆን ኖሮ ክረምት ክረምት ብቻ የተማረችው ኤዢኒ ከበሩም አትገባም ነበር። ዳኛው ሳህኑ ስለሆነ ነው።

ጠባይዋ እንዴት ነበር ካላችሁ፣ አሠሪ ሆና አስቸጋሪ ነበረች። ይሄን አልደብቅም። ትቆጣ ነበር፣ ድምፅዋም ትልቅ ነው። ለንጽሕና ያላት ነገር ከልክ ያለፈ ነበር፣ ፍሪጁ በየቀኑ ባዶ ተደርጎ ይታጠባል። ዕቃ የሚያቀርቡላትንም አታስቀምጥም፣ ዶሮ አቅራቢዋ በእሷ ጭቅጭቅ ተማርሮ ከእንግዲህ የዶሮዎቹን ጥፍር ሠርቼ ላመጣላት ነው እያለ ይቀልድ እንደነበር ይነገራል። እኔ ይሄን ሳነብ አንድ ልቤ ሳቀ፣ አንድ ልቤ ግን እዚያ ቤት የምትሠራውን ልጅ አሰብኩ። የተጮኸባት ሴት ሌላ ላይ መጮኋ የተለመደ ነው፣ ትክክል ነው ማለቴ ግን አይደለም። ብቻ አንድ ነገር አለ፣ ከሌላው የምትጠይቀውን ሥራ ሁሉ ራሷ ሠርታው ታውቃለች።

ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1946፣ ፖል ቦኩዝ የሚባል የ20 ዓመት ወጣት ተለማማጅ ሆኖ ወደ ተራራው ቤት መጣ። ማንኪያ ወዲያው የሚሰጠው መስሎት ነበር ወይ አላውቅም። የተሰጠው ሥራ ግን ላም ማለብ፣ አትክልት መኮትኮት፣ ልብስ ማጠብና መተኮስ ነበር። ከዚያ ነው ወጥ ቤት የገባው። ይሄ ልጅ በኋላ በ1965 ሦስት ኮከብ አገኘ፣ በ2018 እስኪሞት ድረስም የፈረንሳይ ምግብ ንጉሥ እንደሆነ ኖረ፣ የተማረውንም ከእሷ እንደተማረ ከመናገር አልቦዘነም። እናንተ ዛሬ የተኮሳችሁትን የሸሚዝ ክምር አስቡና የዓለም ትልቁ ሼፍ እንደዚያው በካውያ ነው የጀመረው በሉ፣ ቢያንስ ያስቃችኋል። በርናር ፓኮ የሚባለውም ወላጅ የሌለው ልጅ ገና በጉርምስናው እሷ ጋ ገብቶ ሙያ ይዞ ወጣ፣ በኋላ ፓሪስ ላይ የራሱን ቤት ከፍቶ እሱም ሦስት ኮከብ አግኝቷል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች ፈረንሳይን በያዙበት ጊዜ ምግብ በራሽን ነበር። እሷ ደግሞ ከጥራት አልወርድም ባይ ስለሆነች ከደንቡ ጋር ተጋጨች፣ ተቀጣች፣ አንድ ሳምንትም ታስራለች። መንግሥት ትልቁን የፈረንሳይ የክብር ኒሻን፣ ሌዥዮን ዶነር የሚባለውን፣ ሊሰጣት ሲል አልቀበልም አለች። ምክንያቷ ኒሻን ከምግብ ማብሰል ለሚበልጥ ሥራ ይሰጥ የሚል ነበር። እኔ በዚህ አልስማማም። ከተማ ሙሉ በእጇ ስሙ የተጠራ ሴት ኒሻኑን ብትቀበል ለእኛም ክብር ነበር። ግን የራሷ ነገር ነው፣ መብቷ ነው።

ያ ለሰው የተሰጠው ሕፃን ጋስቶንስ? አድጎ እናቱ ጋ ተመለሰ፣ ሙያውን ከእሷ ተማረ፣ የሩ ሯያሉን ቤት እሱ ይመራው ጀመር፣ እናትየው ተራራው ላይ ሆነች። እናትና ልጅ በአንድ ሙያ ሲሠሩ ኖሩ። ስለ እነዚያ ተለያይተው ስለኖሩባቸው ዓመታት ሁለቱ ምን እንደተባባሉ የተጻፈ አላገኘሁም፣ የሚጻፍም ነገር ላይሆን ይችላል። ጋስቶን በ1974 ከእናቱ ቀድሞ ሞተ። እናቱ ያኔ ወደ 79 ዓመት ገደማ ነበረች።

ኤዢኒ ማርች 2 ቀን 1977 በ81 ዓመቷ አረፈች። የምግብ አሠራር መጽሐፏን እያዘጋጀች ሳለ ነው የሞተችው፣ ያው ዓመት ታተመላት፣ በ2014 ደግሞ በእንግሊዝኛ ወጣ፣ አሠራሩን ማየት የምትፈልጉ በዚያ ማግኘት ትችላላችሁ። የሩ ሯያሉን ቤት የጋስቶን ልጅ ጃኮት እስከ 2004 ድረስ ያዘችው። በ2008 ማቲዩ ቪያኔ የሚባል ሼፍ ስሙን ሳይለውጥ ደግሞ ከፈተው፣ በዓመቱም ሁለት ኮከብ አገኘ። ሊዮን ውስጥ በስሟ የተሰየመ መንገድ አለ። ጃኮት ደግሞ በ2007 በአያቷ ስም ማኅበር አቋቋመች፣ ሥራው በምግብ ሙያ ለሚሠለጥኑ ልጃገረዶች እገዛ ማድረግ ነው።

ወረቀቷን አንብባችሁ ስትጨርሱ አትጣሏት፣ ዕረፍት ለማይሰጣት እህት በቆሻሻ መጣያ ሰዓትም ቢሆን በደረጃው ላይ አቀብሉልኝ።